«ቲሸርቱን እኮ ለብሰናል»

በፋብሪካችን ወጣቶችን በዘላቂ ልማት የሚያሳትፍ ፕሮግራም አዘጋጅ ተባልኩ። ቲሸርት አሳተምን፣ ፖስተር ለጠፍን። እኔም ስለ 17ቱ የዘላቂ ልማት ግቦች አንድ ሰዓት ሙሉ ስላይድ አሳየሁ። 9ኛው ስለ ኢንዱስትሪ ነው፣ 12ኛው ስለ አመራረትና ፍጆታ ነው፣ እያልኩ። ተለማማጆቹ በትህትና አዳመጡኝ። ሁለቱ አንቀላፍተው ነበር፤ አልፈረድኩባቸውም።

«ጥያቄ ካለ?» ስል አንዲት ተለማማጅ እጇን አወጣች።

«ኢንጂነር፣ ማሽኖቹ በሙሉ ቆመው ኮምፕረሰሩ ለምን ይሠራል?»

ኮምፕረሰር ማለት አየር አምቆ በቱቦ ወደ ማሽኖቹ የሚልክ መሣሪያ ነው። «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ አለፍኳት። መልስ ያጣ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው።

ልጅቷ ግን አልተወችውም። ምርት በሌለበት ቀን ኮምፕረሰሩ አጠገብ ተቀምጣ በስልኳ ሰዓት ስትይዝ ውላለች። ደብተሯ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፤ «ሲያምቅ» እና «ሲያርፍ»። ሦስት ደቂቃ ያምቃል፣ ሰባት ደቂቃ ያርፋል። እንደገና ሦስት፣ እንደገና ሰባት። ገጹ እስኪሞላ እንዲሁ ነው።

አየሩን የሚጠቀምበት ማሽን የለም። ታዲያ ከአሥር ደቂቃ ሦስቱን የሚያምቀው ለማን ነው? ለቀዳዳው ነዋ! ከኮምፕረሰሩ አቅም 30 በመቶው በየመገጣጠሚያው እየሾለከ ነው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ጉድ የሚያሰኝ ቁጥር አይደለም። ክትትል በሌለበት መስመር ከ20 እስከ 30 በመቶ ማፍሰስ የተለመደ ነው። የሚያናድደው፣ የታመቀ አየር ፋብሪካ ውስጥ ካሉት ጉልበቶች ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ መሆኑ ነው። ኮምፕረሰሩ ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የተረፈችውን ደግሞ እኛ እናፏጫታለን።

የሳሙና ውሃ በመርጫ ጠርሙስ ይዛ መስመሩን ተከትላ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። ማሸጊያ ማሽኑ ጀርባ አንድ ፊቲንግ (የቱቦ መገጣጠሚያ) ላይ ስትረጭ አረፋው እንደ ፊኛ ተነፋና ፈነዳ። ፎርማናችን ቆመው ያያሉ።

«ይሄ ፉጨት እኮ እኔ ስቀጠርም ነበር» አሉ፣ እንደ ቅርስ።

አብዛኛው ጥገና ፊቲንግ ማጥበቅና ያረጀ ቱቦ መቀየር ብቻ ነበር። ስንጨርስ ከአሥር ደቂቃ የሚያምቀው አንዷን ሆነ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጥፋተኛውም እኔ ነኝ። ለሥራ አመራሩ ያቀረብኩት ስላይድ «የጥገና ክፍል ውጤት» ይላል። የልጅቷ ስም የለበትም። ስብሰባው ላይም አልጠራኋት። ስላይዱን ያነበበችው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነው። ምንም አላለችኝም።

በቀጣዩ ወር ከተለማማጆቹ አንድም ሐሳብ አልመጣም። አንዱን ልጅ «ምነው ዝም አላችሁ?» ብለው፣ «ቲሸርቱን እኮ ለብሰናል» ብሎኝ አለፈ። ፌዝ ይሁን ቁም ነገር እስካሁን አልገባኝም። ብቻ ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጠዋት ልጅቷን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኳት። ምን እንደምትፈልግም ጠየቅኳት። ሰርተፍኬት ትላለች ብዬ ነበር።

«የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን ንባብ በየሳምንቱ ማየት እፈልጋለሁ። ቀዳዳ ሳገኝ ደግሞ ፈቃድ ሳልለምን የጥገና ትዕዛዝ ብጽፍ።»

«ንባቡ ሚስጥር ነው» ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ለምን ሚስጥር እንደሆነ ግን ለራሴም ማስረዳት አቃተኝ። አለቆቼን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የሚቀጥለውን ሪፖርት ራሷ አቀረበች። ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ጀመረች። ሥራ አስኪያጁ በቁጥሩ ሲከራከሯት ግን ደብተሯን ገልጣ ፊታቸው አስቀመጠችው። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

አሁን የሳሙና ጠርሙሱ የሚገኘው ፎርማኑ ኪስ ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሠራተኛ ወለሉን በአየር ቱቦ ሲጠርግ አገኙት።

«መጥረጊያ የለም? ያ አየር በነፃ የሚመጣ መሰለህ?» ሲሉ እስከ ቢሮዬ ተሰማኝ።