«የለም አትበል»

በ1985 ዓ.ም. ጡረታ ክፍል ውስጥ ጀማሪ ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ጠዋት አንዲት እናት መስኮቱ ጋ ቆሙ። ከመቀነታቸው ፈትተው የተጣጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። የጎበዝ አለቃው የጻፈላቸው ምስክርነት ነው። የውስጥ አርበኛ ነበሩ።

ወረቀቱን በወጉ ሳላነብ ቅጹን ሳብኩ።

«እማማ፣ ቀጣሪዎ ማን ነበር?»

«ጣልያን።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።

«የሹሙ ወጥ ቤት ነበርኩ። ደመወዝ የሚቆርጥልኝ እሱ ነው። ጥይቱን ከጓዳው እያወጣሁ፣ በአገልግል ከእንጀራው ሥር ደብቄ ለአርበኞች እልክ ነበር። ያኛው ሥራ ደመወዝ የለውም፣ ልጄ።»

«ስንት ዓመት ሠሩ?»

«ከየካቲት 12 እልቂት ማግስት ጀምሮ፣ ባንዲራችን እስኪመለስ።»

በልቤ ደመርኩት። ከየካቲት 1929 እስከ ሚያዝያ 1933፣ አራት ዓመት ከሁለት ወር። ቢያዙ የሚጠብቃቸው ስቅላት ነበር። የሸዋረገድ ገድሌን ስም አገር ያውቀዋል። እንደ እኚህ እናት ስማቸው የትም ሳይጻፍ የቀሩት ግን ስንት ናቸው!

ያኔ እኛ የምንሠራው በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ነበር። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ ያዋጣ ነበር፣ መንግሥት 6 ይጨምር ነበር፤ አበሉ የሚሰላው በደመወዝና በአገልግሎት ዘመን ነበር። እሳቸው አንድም ቀን የመንግሥት ደመወዝ አልፈረሙም። አለቃዬን ብጠይቀው ቀና እንኳን ሳይል «ያላዋጣ አይከፈለውም» አለኝ። እንደ አዋጁ ልክ ነበር። ቢያንስ ወጥቶ ሊያናግራቸው ይችል ነበር።

ተመልሼ ቅጹን ሞላሁ። አንገታቸውን በመስኮቱ አስግገው ያዩኛል።

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

«አገልግሎት፦ የለም።»

ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የለም አትበል፣ ልጄ። ያልተከፈለ በል» አሉኝ።

ገንዘቡን አልተከራከሩም። የተከራከሩት በአንዲት ቃል ነው። ወረቀታቸውን አጣጥፈው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩና ሄዱ። እስከ በሩ እንኳ አልሸኘኋቸውም። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ፋይሉን አወጣሁ። «የለም» የሚለውን ሰርዤ «ያልተከፈለ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ አይቀበልም። ቀዶ ጣለውና ሌላ ሰጠኝ።

እሱም ላይ «የለም» ብዬ ሞላሁ።