ለይስሙላ የተጻፈ ሜተድ

የሒሳብ ክፍሏ ኃላፊ ወረቀት ይዘው ጠረጴዛችን ድረስ መጡ። «እናንተ ልጆች፣ ኮምፒውተራችሁ ገንዘቡ ተመልሷል ይላል፤ ደንበኛው ሳንቲም አልደረሰኝም ብሎ በስልክ ቁም ስቅላችንን እያሳየን ነው። ማንን ልመን?»

ሰውየው ዕቃውን ሲረከብ በጥሬ ገንዘብ የከፈለ፣ በኋላም ዕቃውን የመለሰ ነው። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈው ሥርዓታችን የክፍያ መንገዶች ሁሉ «ክፍያ» ከተባለ አንድ አብስትራክት ክላስ፣ ማለትም ልጆቹ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ከሚደነግግ የኮድ ንድፍ፣ ይወርሳሉ። ይህ ወላጅ ክላስ ከልጆቹ ሦስት ሜተዶች (በስማቸው የሚጠሩ የኮድ ተግባራት) ይጠይቃል፦ ማስከፈል፣ ማረጋገጥ፣ ገንዘብ መመለስ። ለባንክና ለሞባይል ገንዘብ ሦስቱም ይሠራሉ። በእጅ የተሰጠን ብር ግን ኮድ ከየት አምጥቶ ይመልሰዋል?

ፋይሉን ስከፍተው በመመለሻው ሜተድ ውስጥ ያለችው «ፓስ» የምትል፣ «ምንም ሳታደርግ እለፍ» ማለት የሆነች ቃል ብቻ ናት። የጻፈው ባልደረባችን «ካላስገባሁት አልሠራ አለኝ» አለ። እውነቱን ነው። አብስትራክት ተብሎ የታወጀ ሜተድ በልጁ ክላስ ውስጥ ከሌለ፣ ከዚያ ክላስ ኦብጀክት (በሥራ ላይ የሚውል አንድ ቅጂ) ሲፈጠር ፓይተን ስሕተት ያነሣል። የሚያየው ግን ስሙ መኖሩን ነው፤ ውስጡ ባዶ ቢሆን ግድ የለውም። የእኛ ኮድ ደግሞ ስሕተት ካልመጣ ተሳክቷል ብሎ ይመዘግባል።

«ባዶ ከሚሆን ስሕተት ያንሣ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሌላው የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫም በማይለወጡ ዝርዝሮች ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ የመጨመሪያው ሜተድ አለ፤ ሲጠሩት ግን «አይደገፍም» ብሎ ስሕተት ይወረውራል። ከዝምታው ይሻላል፤ ለእኔ ግን በር ሠርቶ ከኋላው ግንብ እንደመገንባት ነው። የፓይተን የራሱ ክላሶች የተሻለ መንገድ ያሳያሉ፦ «ሲኩዌንስ» (ቅደም ተከተል ያለው ዝርዝር) ማንበብንና ርዝመትን ብቻ ይጠይቃል፤ መለወጥ፣ መሰረዝና ማስገባት «ሚዩተብል ሲኩዌንስ» (ሊለወጥ የሚችል ዝርዝር) ለሚባለው ልጁ ተትተዋል።

እኛም መመለስን ከወላጁ አውጥተን «ተመላሽ ክፍያ» ለተባለ ሌላ አብስትራክት ክላስ ሰጠነው። የመመለሻው ቁልፍ ከዚህኛው ለሚወርሱ ክፍያዎች ብቻ ይታያል፤ ለጥሬ ገንዘብ ግን ጉዳዩ ወደ ገንዘብ ያዡ ይላካል፤ እርሱ ከፍሎ ሳይፈርም «ተመልሷል» የሚል መዝገብ አይጻፍም። ከመካከላችን አንጋፋው ባልደረባ «ክላስ ማብዛት ነው» እያለ እስከ ምሳ ሰዓት አጉረመረመ። ሰውየው ገንዘቡን በማግሥቱ ከገንዘብ ያዡ እጅ ተቀበለ።