ሦስት እግር ያለው ተረት

አየር ጤና ካለው መናኸሪያ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ጭኔ ላይ ባቀፍኩት ቦርሳ ውስጥ ሃያ አምስት የአንበሳ ጭምብል ነበረኝ፤ ከካርቶን ተቆርጦ፣ ዓይኑ ተበስቶ፣ ጎፈሩ ብቻ እንዲለጠፍ የቀረ። ጅማ አፀደ ሕፃናት የምታስተምረው የአክስቴ ልጅ ከደወለችልኝ ወር አልፎ ነበር። «ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ከነወላጆቻቸው ሰብስበን ተረት እናውራላቸው፤ በእጃቸውም የሆነ ነገር ይሥሩ። አንቺ ሠፈርሽ ውስጥ ስታደርጊው ከርመሻልና መጥተሽ አስጀምሪኝ» ነበር ያለችኝ። የመጀመሪያውን ርዕስ እኔው መርጬ «የዱር አራዊት» አልኩ፤ ጭምብሉንም ሦስት ሌሊት አምሽቼ ቆረጥኩ።

ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን አልፈን ወልቂጤ ቁርስ በላን። ከዚያ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ ሹራብ የለበሰው ሁሉ አወለቀ። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጨርስ አገሩ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ። ወሩ ኅዳር ስለነበር ቡናው በአልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ ማሳው ላይ ደግሞ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ቆሟል። አገዳው በኋላ እንደሚያስፈልገኝ ያን ጊዜ አላወቅኩም። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ከሰዓት በኋላ ጅማ ገባን።

ማታ እራት በልተን ጭምብሎቹን ምንጣፍ ላይ ዘረጋሁላት። አንዱን አንስታ ፊቷ ላይ ሞከረችውና አስቀመጠችው።

«ቆንጆ ነው። ልጆቹ የሚሠሩት የቱን ነው?»

«ጎፈሩን ይለጥፋሉ።»

«እሱን ብቻ?»

መልስ አልሰጠኋትም። ነገሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ አብሮኝ አደረ፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ባለፈው ጊዜ የሆነውን አውቃለሁ። እናቶቹ «ኮላው ልብስሽን እንዳይነካ፣ አምጪው እኔ ልለጥፍልሽ» እያሉ ጭምብሉን ሁሉ ራሳቸው ጨረሱት፤ ልጆቹ ደጅ ወጥተው ይሯሯጡ ነበር። ወደ ቤት የሄዱት አንበሶች በሙሉ አንድ መልክ ነበራቸው። እኔ ቆርጬ፣ እናት ለጥፋ፣ ልጅ ተሸክሞ የሚሄደው ነገር የልጁ ሥራ አይደለም። ይህን በልቤ ካወቅኩት ቆይቷል፤ ጭምብል መቁረጤን ግን አልተውኩም ነበር።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ እንደሚደምቅ ስሰማ ነው ያደግኩት፤ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚመጣበት ገበያ ነው። ቅመሙንና ማሩን አልፈን በርጩማ የሚሸጡበት ጋ ስንደርስ እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። ትልቁ ለአዋቂ፣ ትንሹ ለልጅ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሯል። ሁሉም ባለ ሦስት እግር ነው። አንድ ሽማግሌ በመሮ የመቀመጫውን ጎድጎዳ ይፍቃሉ።

«አባባ፣ እግሩ ለብቻው ነው የሚገጠመው?»

«የለም ልጄ። ከአንድ ግንድ ነው። ሚስማር የሚባል አይነካውም።» ግንዱ ዋንዛ መሆኑን ነገሩኝ፤ በኦሮምኛ ወዴሳ ይሉታል። በርጩማ ግን በሁለቱም ቋንቋ በርጩማ ነው።

«ለምን ሦስት እግር ሆነ?»

ሳቅ አሉና ጎናቸው የነበረውን ባለ አራት እግር የጣውላ ወንበር አንስተው ጎርበጥባጣው መሬት ላይ አስቀመጡት። በጣታቸው ሲነኩት ተንገዳገደ። በርጩማውን እዚያው ቦታ ላይ አኖሩት፤ ዝም አለ። ትንሽ አዙረው ሌላ ቦታ አኖሩት፤ አሁንም ዝም አለ። ሦስት እግር የትም ቢሆን መሬት ያገኛል፤ አራተኛው ሲጨመር ነው አንዱ አየር ላይ የሚቀረው። ጭቃ ወለል ላይ የሚቀመጥ ሰው ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም። አንዲት ትንሽ በርጩማ ገዛሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ቡና ጠርተውን ሄድን። እማማ ቡናውን የሚያፈሉት ከሰል ላይ ነበር፤ ጓሮ ባለችው ማድ ቤት ግን ጎመኑ በእንጨት፣ በጉልቻ ላይ ይበስላል። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናው መጣ። በረካው ሲቀዳ የአክስቴ ልጅ ክንዴን ያዘችኝ። እሷ ወደ ጉልቻው ታያለች፤ እኔ የተቀመጥኩባትን በርጩማ በእጄ እየዳበስኩ ነበር። ማናችን ቀድመን እንደተናገርን አላስታውስም። ሦስት ጉልቻ፣ ሦስት እግር፣ ሦስት ስኒ። ርዕሳችን «ሦስት» ሆነ።

የተረት ሰዓት ጭብጥ ስመርጥ ከመጻሕፍትና ከሥዕል የምነሳበት ዘመን ረጅም ነበር። አንበሳ ለከተማ ልጅ ሥዕል ነው። ጉልቻውን ግን ልጁ ዛሬ ጠዋት አይቶታል፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቁርሱን በልቷል። ተረቱ ሲያልቅ ቤቱ ገብቶ የሚያገኘው ዕቃ ተረቱን ያስታውሰዋል። አያቱም «ምን ነበር ያወሩላችሁ?» ስትለው በጣቱ የሚያሳያት ነገር ይኖረዋል።

ዓርብን በዝግጅት አሳለፍነው። ሸክላ ከሚሠሩ ሴቶች አንድ ጆንያ የሸክላ አፈር አገኘን። እነሱው እንደነገሩን በደቃቁ የተከተፈ ጭድ ጨምረን አቦካነው፤ ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከከተማ ወጣ ብለን የበቆሎ አገዳ ለምነን አመጣንና በጣት ርዝመት ቆረጥነው። ተንከባክቤ ያመጣሁት ኮላና መቀስ ከቦርሳ አልወጣም። በርጩማው ላይ ለጌጥ የሚተከል የቡና ፍሬም አስበን ነበር፤ ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ይኖራሉ፣ ወደ አፋቸው ይከቱታል ብለን ተውነው።

ከዚያ ትንሽ ጊዜ ስለተረፈን ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮረብታው ላይ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ሰፊው የእንጨት በረንዳ ላይ ቆሜ ወደ ከተማው ሳይ፣ ለሌላ ቅዳሜ የሚሆን ርዕስ ተቀምጦ እንደሚጠብቀን ገባኝ። ቁመታቸው ከሰው ሁሉ የበለጠ ንጉሥ ነበሩ ብሎ የሚጀምር ተረት የማይወድ ልጅ የለም። ለእሷ ማስታወሻ ላይ ጻፍኩላት።

ማታ ተረቱን ራሳችን ሠራነው። የአክስቴ ልጅ አጥብቃ የያዘችው ነገር ቢኖር ከአሥር ደቂቃ እንዳይረዝምና ልጆቹ የሚቀበሉት ቃል እንዲኖረው ነው። ሦስት ወንድማማች ጉልቾች ነበሩ። አንደኛው «ድስቱን የተሸከምኩት እኔ ብቻዬን ነኝ» አለና ወደ አወይቱ ወንዝ ሊዋኝ ሄደ። ድስቱ ዘፍ! ሌሎቹ ሁለቱ ድስቱን ሊያቆሙት ሞከሩ። ድስቱ ዘፍ! አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተው ሞከሩ። ድስቱ ዘፍ! ሁለቱ ወንዝ ወርደው ወንድማቸውን ጠሩት፤ ተመለሰ፤ ጎመኑ በሰለ፤ ቡናው ተፈላ። አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመጡት ሰባት ልጆች ብቻ ነበሩ። ልቤ ወደቀ። የአክስቴ ልጅ ግን አልተጨነቀችም። «ገበያ ደርሰው ነው የሚመጡት፤ በእንቆቅልሽ እንቆያቸው» አለች። እሷ በኦሮምኛ ሂቦ እያለች፣ እኔ በአማርኛ «እንቆቅልህ» እያልኩ ቆየን፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል። አንድ ብላቴና ሳይነፍግ ጅማን፣ አጋሮንና ሊሙን በተከታታይ ሰጠኝ። በዚህ መካከል ክፍሉ ሞላ፤ ሃያ ሁለት ልጆች፣ ከነእናቶቻቸው፣ ከሁለት አያቶችና ከአንድ አባት ጋር።

ተረቱን በሁለት አፍ አወራነው። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ እሷ አንድ። ጉልቾቹን በጣት ስንቆጥር «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» የሚለው ድምፅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ከሚለው በለጠ፤ ሁለተኛውን ዙር ሁሉም በሁለቱም ቆጠሩ። «ድስቱ ዘፍ!» ሲባል ሁሉም ወለሉ ላይ ወደቁ፤ ሦስተኛው ላይ አያቶቹም ሳይቀሩ ጎንበስ አሉ። እንደዚያ ሳለን አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ እጇን አወጣችና በኦሮምኛ ጠየቀች። የአክስቴ ልጅ ተረጎመችልኝ፤ «ድንጋይ እግር የለውም፤ ወንዝ እንዴት ሄደ?»

«በተረት ውስጥ ድንጋይም ይሄዳል» አልኳት። ፊቷ ላይ እንዳልተቀበለችኝ አየሁ፤ ተረቱ ስለሚጠብቀኝ አለፍኩት።

ለእጅ ሥራው ለወላጆቹ አንድ ነገር ብቻ ነገርናቸው፤ እናንተም የየራሳችሁን ሥሩ። ይህን ያመጣችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከብዙ ዓመት የተረት ሰዓት በኋላ እንደዚህ ያለ መላ አላየሁም። እናት የራሷ ጭቃ በእጇ ሲኖር የልጇን አትነጥቅም። ለእያንዳንዱ እንቁላል የሚያህል ጭቃ ደረሰው። ድቡልቡል፣ ከዚያ ጠፍጠፍ፣ ከዚያ ሦስት አገዳ መሰካት። አንዱ ልጅ አራት ሰካ። አላረምነውም፤ ደጅ ወስደን መሬቱ ላይ እንዲያስቀምጠው አደረግን። ተንገዳገደ። አንዱን ነቅሎ ጣለና እንደገና አስቀመጠው፤ ከዚያ የሁሉንም በርጩማ እየዞረ በጣቱ ይገፋ ጀመር።

አባትየው አጠገቤ ተቀምጦ እግሮቹን እያስተካከለ «እኛ አባባ ተስፋዬን እያየን ነው ያደግነው» አለኝ። «ቴሌቪዥን ያለው ቤት አንድ ስለነበር የሠፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ይሰበሰብ ነበር። ልጄ አሁን ለብቻው በስልክ ያያል።» አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አርባ ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አረፉ። አባትየው ያጣው ሰውዬውን ብቻ እንዳልሆነ ከአነጋገሩ ተረዳሁ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ መስማቱንም ነው። በርጩማውን ጨርሶ ልጁ ከሠራት ጎን አስቀመጣት። የልጁ ጠማማ ነበረች፤ ሊያቃናት እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

ሥራው ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ይድረቅ ብለን በኮባ ቅጠል ላይ እያስቀመጥን ሰጠናቸው። ፀሐይ ከነካው እግሩ ይላቀቃል።

ጭምብሎቹን እዚያው ተውኳቸው። የአክስቴ ልጅ ጀርባቸውን ለሥዕል እንደምትጠቀምበት ነገረችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ስንሄድ በዚያች ጠያቂ ልጅ ደጅ አለፍን። አጥሩ ሥር ተቀምጣ ለታናሽ ወንድሟ ታወራለች። ፊቷ ሦስት ጠጠሮችና የደረቀች በርጩማዋ አሉ። ቆም ብለን ሰማን፤ የአክስቴ ልጅ በጆሮዬ እየተረጎመችልኝ ነበር። አንደኛው ጉልቻ ወንዝ መሄድ አማረው። እግር ስለሌለው በርጩማዋን ለመናት። ልጅቷ ጠጠሩን አንስታ በርጩማዋ ላይ አስቀመጠችውና በሦስቱ እግሮቿ እያስረገጠች አፈሩ ላይ አስኬደችው።

ወንድሟ ድስቱ ሳይደርስ «ዘፍ!» አለ።