ክረምቱን ሳልለካ የተከልኩት የነፋስ ተርባይን

የምኖረው አዳማ ዳር፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫው ተርባይኖች ከኮረብታው ላይ ወለል ብለው በሚታዩበት ሰፈር ነው። የማመንጫው የመጀመሪያ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ሲጀምር አቅሙ 51 ሜጋ ዋት ነበር፤ በ2015 ደግሞ የ153 ሜጋ ዋት ሁለተኛ ምዕራፍ ተጨመረለት። ያ ሁሉ ክንፍ ሲዞር በየቀኑ እያየሁ፣ ለቤቴ አንዲት ትንሽ ተርባይን ብተክል የክረምቱን ችግሬን ታቃልልልኛለች ብዬ አሰብኩ። ጣሪያዬ ላይ ያለው የሶላር ፓነል በበጋ ቤቱን በደንብ ያዳርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሰማዩ ዳምኖ ስለሚውል ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል፤ መብራት ደጋግሞ የሚጠፋብንም ዝናቡ በሚበረታበት በዚያው ወቅት ነው። ፀሐይ ያጎደለውን ነፋስ ይሞላዋል የሚለው ግምት ያኔ ትክክል መስሎ ታየኝ።

በጥርና በየካቲት በእጅ የሚያዝ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ይዤ ጠዋትና ማታ ጣሪያ ላይ እየወጣሁ በደብተር መዘገብኩ። ከሰዓት በኋላ በሴኮንድ 7 ወይም 8 ሜትር ማግኘት የተለመደ ስለነበር፣ በዚያ ተማምኜ 400 ዋት የተጻፈባት ባለ ሦስት ክንፍ ተርባይን ገዛሁ። ይህ ቁጥር ግን ነፋሱ በሴኮንድ 12 ሜትር ሲነፍስ የሚገኘው ነው። የነፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ነፋሱ 4 ሜትር ላይ ሲሆን ያቺው ተርባይን የምትሰጠው 15 ዋት ገደማ ነው። በዚያ ላይ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ሳሳ ይላል፤ በዚህ ብቻ ከአምስት እጅ አንዱ ይቀነሳል።

በመጀመሪያ የምሰሶውን ቱቦ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስሬ ከጣሪያው በላይ አወጣሁት። ቆርቆሮው ንዝረቱን እየተቀበለ እንደ ከበሮ ያስተጋባ ስለነበር፣ በሦስተኛው ቀን አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ አጥሩ ጋ ጠሩኝና «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄያቸው በዚያው ሳምንት አወረድኩት። ጣሪያ ላይ የሚያልፈው ነፋስ በቤቶችና በዛፎች እየተሰበረ ስለሚዞር ለክንፎቹም ጎጂ ነው። የክንፎቹ የታችኛው ጫፍ በ150 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማንኛውም ግርዶሽ ቢያንስ 9 ሜትር ከፍ ማለት እንዳለበት የሚመክሩት ለዚህ ነው። እኔ ያንን ያህል ከፍታ ማግኘት አልቻልኩም። ያደረግኩት በያጅ ጠርቼ ሁለት ባለ 6 ሜትር ቱቦዎችን ማስቀጠልና፣ ለጥገና እንዲተኛ ከግርጌው ማጠፊያ አሠርቼ ግቢው መሃል በአራት የብረት ገመድ ወጥሬ ማቆም ነበር።

ገመዶቹን ያሰርኩት መሬት ውስጥ በመዶሻ በተመቱ የብረት ችካሎች ላይ ነበር። የሰፈራችን አፈር ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ሲደርቅ ጠንካራ የሚመስል፣ ውኃ ሲጠጣ ግን የሚላላ ነው። ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ አንድ ማለዳ ስወጣ፣ በጣቴ ስመታው ይጮኽ የነበረው የምሥራቁ ገመድ ረግቦ አገኘሁት። በችካሉ ዙሪያ መሬቱ ተሰንጥቆ ውኃ አቁሯል፤ ችካሉም አንድ ስንዝር ያህል ወጥቷል። ልጆቼ የሚጫወቱት እዚያው ምሰሶ ሥር ስለነበር እጅግ ደነገጥኩ። ወዲያው ምሰሶውን አስተኝቼ፣ አራቱንም ማሰሪያ አንድ ሜትር ያህል አስቆፍሬ በፌሮና በአርማታ አስሞላሁ። ችካል ሊበቃ ይችላል የሚል ሰው ቢገጥመኝ አጥብቄ እከራከረዋለሁ።

የተከልኩበት ዋናው ምክንያትም አልተሳካም። ሰኔ ላይ ነፋሱ ብርቱ ስለነበር ተደስቼ ነበር፤ ነሐሴ ሲገባ ግን ብዙውን ቀን ተርባይኗን ለማስነሳት የሚያስፈልገው በሴኮንድ 3 ሜትር ፍጥነት እንኳ አይሞላም ነበር። ዝናብ ሊጥል ሲል ለአሥር ደቂቃ ያህል ኃይለኛ ነፋስ ይነሣና ዶፉ እንደ ወረደ ጸጥ ይላል። እንዲህ ያለው ነፋስ ምሰሶውን ከማስጨነቅ አልፎ ለባትሪው የሚተርፈው ነገር የለም። ስለዚህ መብረቅ ሲያስገመግም ሦስቱን የተርባይኗን ሽቦዎች እርስ በርስ በሚያገናኘው ማብሪያ ማጥፊያ አቆማታለሁ፤ ይህንን ማብሪያ ማጥፊያና ምሰሶውን ከመሬት ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ከመጀመሪያው ቀን ማስገባቴ ጠቅሞኛል።

ለክረምቱ መፍትሔ የሆነኝ ሌላ ፓነል መጨመሬ ነው፤ በደመና ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ከነሐሴ ነፋስ ይሻላል። ተርባይኗ የምትጠቅመኝ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ፓነሉ በማይሠራበት ሌሊት ነው። አሁን ነሐሴ ሲገባ ምሰሶውን አስተኝቼ ቡሎኖቹን አጠብቃለሁ፣ ክንፎቹን እፈትሻለሁ፣ የዛገውን ቀለም እቀባለሁ፤ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ የምሥራቁ ደረቅ ነፋስ ሲጀምር፣ ከጎረቤት ወጣቶች ጋር ሆነን መልሰን እናቆመዋለን።