ስሙን ደብቆ ወረቀቱን መስጠት

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በዘጋቢነት እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የወጣ የግዥ ሰነድ ቅጂ ይዞልኝ መጣ። ስሙ እንዳይጠቀስ አጥብቆ ለመነኝ፤ እኔም ቃል ገባሁለት፤ ዘገባውም ስሙን ሳያነሣ ታተመ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች መጥተው ሰነዱን እንዳሳያቸው ሲጠይቁኝ፣ ማን እንደሰጠኝ እስካልተናገርኩ ድረስ ቃሌን የማፈርስ አልመሰለኝምና ገጹን ዘርግቼ አሳየኋቸው። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ጥቂት አኃዞች ነበሩ። የማን እጅ ጽሕፈት እንደሆነ ለመለየት ሁለተኛ ቀን አላስፈለጋቸውም፤ ሰውየውም ከሥራው ተሰናበተ።

ስለ ጋዜጠኞች የምንጭ ጥበቃ ሕግ በተነሣ ቁጥር ያ ገጽ ፊቴ ይደቀናል። ሕጉ ጋዜጠኛው የምንጩን ስም እንዲናገር አይገደድም ብሎ በዚያው ካበቃ፣ ከተጠበቀው ሰው ይልቅ ያልተጠበቀው ይበዛል፤ ሰው በስሙ ብቻ አይታወቅምና። የማስታወሻ ደብተሩ፣ የድምፅ ቅጂው፣ ያልታተመው ፎቶግራፍ፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝሩ፣ እያንዳንዱ ወደ እርሱ ያደርሳል።

በዚህ ጉዳይ ደጋግሞ የሚጠቀሰው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የዊልያም ጉድዊን ክርክር የተጀመረውም በማስታወሻ ነው። ጉድዊን እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ አንድ ኩባንያ የገንዘብ ችግር በስልክ መረጃ ደረሰው፤ እንደ ደንቡም ለማጣራት ወደ ኩባንያው ደወለ። ኩባንያው ዘገባው እንዳይወጣ የእግድ ትእዛዝ ካስወጣ በኋላ፣ ጉድዊን የምንጩን ማንነት የሚያሳየውን ማስታወሻ እንዲያስረክብ ፍርድ ቤት አዘዘው። አሻፈረኝ በማለቱ ችሎት በመድፈር 5,000 ፓውንድ ተቀጣ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የምንጭ ጥበቃ ሕግ አለመኖሩ አልነበረም ችግሩ። የ1981 የችሎት መድፈር ሕግ አንቀጽ 10 ማንም የዘገባውን ምንጭ እንዲገልጽ እንደማይገደድ በግልጽ ይደነግጋል፤ ነገር ግን «ለፍትሕ ጥቅም» አስፈላጊ ሲሆን የሚል ልዩ ሁኔታ አስከትሎበታል፤ ዳኞቹም አንድ ኩባንያ ምስጢር ያወጣበትን ሠራተኛ ለይቶ ለመክሰስ ያለውን ፍላጎት በዚያ ሐረግ ውስጥ አካተቱት። የስትራስቡርጉ የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 በ11 ለ7 ድምፅ ትእዛዙም ቅጣቱም ሐሳብን የመግለጽ መብት ጥሰት ነው ብሎ ወሰነ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕግ ሲረቀቅ እኔ አስቀድሜ የማነበው ጥበቃውን የሚሰጠውን ዓረፍተ ነገር ሳይሆን «ካልሆነ በስተቀር» የሚለውን ነው።

ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ያየው የኔዘርላንድ ጉዳይ ደግሞ ወደ እኔ ጥፋት ይበልጥ ይቀርባል። አንድ የመጽሔት አሳታሚ ሕገ ወጥ የመኪና ውድድርን ፎቶ ያነሣው ተሳታፊዎቹ እንዳይታወቁ ቃል ገብቶ ነበር፤ ፖሊስ በሌላ ወንጀል ተጠርጥሮ ይፈለግ የነበረን መኪና ለመለየት ፎቶግራፎቹን የያዘውን ሲዲ ጠየቀ፤ ዋና አዘጋጁንም ለጥቂት ሰዓታት አሰረ። ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ አሳታሚውን የደገፈበት ምክንያት፣ ሲዲው ከመወሰዱ በፊት ጉዳዩን መዝኖ የመከልከል ሥልጣን ያለው ገለልተኛ አካል ባለመኖሩ ነው። «በፊት» የምትለው ቃል እዚህ ላይ ሁሉን ነገር ትወስናለች። ማንነቱ አንዴ ከታወቀ በኋላ በይግባኝ ማሸነፍ ለምንጩ ምንም አይመልስለትም።

የጦር ወንጀሎችን ሲመለከት የነበረው የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከዚህም አልፎ ሄዷል። የዋሽንግተን ፖስት ዘጋቢ የነበረው ጆናታን ራንዳል እ.ኤ.አ. በ1993 ቃለ መጠይቅ ባደረገለት ተከሳሽ ላይ እንዲመሰክር ተጠራ። ቃለ መጠይቁ ታትሟል፤ የተናጋሪውም ስም ይታወቃል፤ የሚደበቅ ምንጭ አልነበረም። ሆኖም የይግባኝ ችሎቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የጦር ሜዳ ዘጋቢ እንዲመሰክር የሚገደደው ማስረጃው ለጉዳዩ ዋና ነጥብ ቀጥተኛና ጉልህ ጥቅም ያለው፣ ከሌላ ቦታም በአግባቡ ሊገኝ የማይችል ሲሆን ብቻ ነው አለ። ዘጋቢ ነገ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ይሆናል ተብሎ ከታሰበ የሚያናግረው አይኖርም፤ በጦር ሜዳ ደግሞ ዒላማ ይሆናል።

ዛሬ ግን ጋዜጠኛውን ጨርሶ አለመጠየቅ ይቻላል። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የአሶሼትድ ፕሬስ ዘጋቢዎችና ቢሮዎች ይጠቀሙባቸው የነበሩ ከ20 በላይ የስልክ መስመሮችን የሁለት ወር የጥሪ ዝርዝር ለዜና ወኪሉ ሳያሳውቅ መውሰዱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እንዲህ ሲሆን ጋዜጠኛው እምቢ የሚልበት ዕድል እንኳ አይሰጠውም። በሦስተኛ ወገን እጅ ያለን መረጃ የማይጠብቅ ሕግ ለዚህ ዘመን አይበቃም ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው።

ከወዲያኛው ወገን የሚነሣው ክርክር ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 በ5 ለ4 ድምፅ፣ ጋዜጠኛም እንደ ማንኛውም ዜጋ ለወንጀል ምርመራ የመመስከር ግዴታ አለበት ብሏል። በሐሰት የተከሰሰ ሰው ነጻ የሚያወጣው ማስረጃ በአንድ ዘጋቢ መሳቢያ ውስጥ ቢኖርስ? ይህ ጥያቄ እኔንም ያስጨንቀኛል፤ ስለሆነም ጥበቃው ፍጹም ይሁን አልልም። የምለው፣ ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ያለቀ መሆኑን ጠያቂው በዳኛ ፊት ያስረዳ ነው። ጋዜጠኛው ቀላሉ መንገድ ስለሆነ ብቻ የመጀመሪያው መንገድ መሆን የለበትም።

የስዊድንን ሕገ መንግሥታዊ የፕሬስ ሕግ ሳነብ ደግሞ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አየሁት። እዚያ ምስጢሩ የጋዜጠኛው መብት ሳይሆን ግዴታው ነው፤ የመንግሥት ባለሥልጣናት ምንጩ ማን እንደሆነ ማጠያየቅ በመርሕ ደረጃ ተከልክለዋል፤ ስሙ እንዲሰወር የጠየቀን ምንጭ ማንነት የገለጸ ጋዜጠኛም በገንዘብ ወይም እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ሕጉ ሆን ብሎ ያደረገውን ብቻ ሳይሆን በቸልተኝነት ያደረገውንም ይጨምራል። በእርሳስ የተጻፉትን አኃዞች ሳላስተውል ገጹን የዘረጋሁት እኔ፣ በዚያ ሕግ ፊት ተከሳሽ እሆን ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሕግ እንዳለብኝ ባውቅ ኖሮ ገጹን ከመሳቢያው አላወጣውም ነበር።