ጥቅምት በጣና ዳር

ባሕር ዳር ሰው ቀጠሮ የሚይዘው በታቦት ነው። አናጺው «ለሚካኤል እጨርሰዋለሁ» ይላል። ልብስ ሰፊዋ «ከኪዳነ ምሕረት በፊት አይደርስልኝም» ትላለች። ባለሱቁም ዱቤውን የሚጠብቀው ለማርያም ነው። አዲስ አበባም እንዲህ ይባላል፤ እኔ ግን እዚያ ቶሎ ብዬ ስልኬ ላይ ቀኑን አያለሁ። እዚህ አንድ ወር ስቆይ ማየቱን ተውኩት። አምስት አቦ፣ ሰባት ሥላሴ፣ ዐሥራ ሁለት ሚካኤል፣ ዐሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም። በልጅነቴ የሸመደድኩት ነው። ጥቅምትን እንዲህ እየቆጠርኩ ስኖር ግን እያንዳንዱ ቀን የሚጠየቅ ሰው ይዞ እንደሚመጣ አየሁ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው።

የሄድኩት አክስቴን ላስታምም ነው። እቴቴ እላታለሁ፤ የእናቴ ታላቅ ናት። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር። ልጆቿ ሁሉም ውጭ አገር ናቸው። የእኔ ሥራ ደግሞ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለ የትም ይሠራል። የመኪና መንገዱ አያስተማምንም ስላሉኝ በአውሮፕላን ሄድኩ። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ዝቅ ሲል ጣና ግጥም ብሎ ሞልቶ ታየኝ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ሐይቁ ከሁሉ የሚሞላው በዚህ ሰሞን ነው። ዳር ዳሩን ደንገል፣ ከደንገሉ ወዲህ ቢጫ አደይ።

ቤቷ ሽምብጥ ነው። ሌሊት የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። ሐኪሙ ጭስ አይንካሽ፣ አታጎንብሺ፣ ጠብታው ሰዓቱን አይለፈው ብሏታል። ለጠብታው እኔ ስልኬ ላይ ደወል ሞላሁ። እቴቴ ግን ደወሉን ከጸሎቷ ጋር አገጣጠመችው። ጠብታው ጠብ ባለ ቁጥር በስመ አብ ብላ ታማትባለች፤ ዓይኗን እንደጨፈነች ትጸልያለች። ውዳሴ ማርያም በየቀኑ ታነብ ነበር፤ አሁን ዓይኗ ስላልፈቀደላት አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። እሷ በቃሏ ትከተለኛለች። ስስት ቀስ ብላ ታርመኛለች። መጀመሪያ የማነበው ለእሷ ብዬ ነበር። እያደር ግን ላፕቶፔን ከመክፈቴ በፊት ያቺን ሰዓት እናፍቅ ጀመር። ለብቻዬ ሳነበው ያለፈኝን ብዙ ነገር፣ ለእሷ ሳነብ ሰማሁት።

ጾሙን ካልጾምኩ ብላ ስታስቸግር የነፍስ አባቷ መጡ። «የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው» አሏት። «ረቡዕና ዓርብሽን ጹሚ። በሌላው ቀን ግን ምግብሽን ብዪ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ። ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው።» እቴቴ ታዘዘች። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዋን ለሁለት ታስከፍለኛለች። እኩሌታው በር ላይ ለሚቆም ሰው ነው። በሩ ላይ ሰው ያልቆመበት ቀን አላስታውስም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት የቆሎ ተማሪዎች ናቸው፤ አኩፋዳቸውን አንግተው፣ ዱላቸውን ይዘው «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ የሚባሉት ጉባኤ ቤቶች ስማቸው የገነነው በዚህች ቁራሽ እንጀራ ላይ በተማሩ ልጆች ነው። አንዱን ልጅ ምን ትማራለህ አልኩት። «ቅኔ» አለኝ። «ገና ጀማሪ ነኝ፤ ጸልዩልኝ።» ዕድሜው ከወንድሜ ልጅ አይበልጥም።

ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ አርባ ቀን። እመቤታችን ልጇን ይዛ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብጽ መሰደዷ ይታሰባል። ቅዳሜ ማታ ማኅሌተ ጽጌ ተጀምሮ እሑድ ይነጋል። የአባ ጽጌ ብርሃን ድርሰት ነው። እቴቴ እቤት ሆና በድምፅ ማጉያው ትሰማለች፤ እኔ ነጠላዬን ለብሼ እሄዳለሁ። ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምራል። ካህናቱ በመቋሚያ ወዲያና ወዲህ ያሸበሽባሉ። ጸናጽሉ ይንሿሿል። ሌሊቱ ሲጋመስ እግሬ ይደክማል፤ አጠገቤ የቆሙት እናት ግን ንቅንቅ አይሉም።

እዚህ አገር ደግሞ ስደቱ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በሐይቁ ላይ ያለችው ጣና ቂርቆስ፣ በገዳሙ ትውፊት፣ እመቤታችን ከልጇ ጋር መጥታ ያረፈችባት ደሴት ናት። እቴቴ ስለዚህ ስታወራ የሰፈሯን ሰው ጉዳይ የምታወራ ነው የሚመስለው። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደግሞ ዛሬ የተሰደዱት ተቀምጠዋል። ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ እናቶች ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ አራስ ልጇን አቅፋለች። ገንዘብ ልሰጣት ስል፣ «እሱስ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልጄ ሰማንያ ቀኗ እየደረሰ ነው፤ ክርስትና እናት የሚሆናት የማውቀው ሰው የለኝም» አለችኝ። ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ስለ አንዲት የተሰደደች እናት ይዘመራል። ሌላዋ በር ላይ አለች። በሩን አልፌ ስገባ እግሬ ከበደኝ። ለእቴቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ለማርያም ጥሪያት» አለችኝ። ማርያም ማለት የጽዋ ማኅበሯ ቀን ነው፤ ሃያ አንድ። በዚያ ወር ተረኛዋ እሷ ነበረች።

ባሕር ዳር የጾም ነገር ከተነሣ ወሬው ወደ ዓሣ ይሄዳል። አባቶች ዓሣ በጾም አይበላም ብለው ያስተምራሉ። ሆኖም ከተማው ውስጥ የሚበላ ብዙ ነው። እኔ የምገዛው ሐይቁ ዳር ከሚሸጡ አንዲት እናት ነበር። ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይሸጣሉ። ቅርፊት የለውም ብለው አምባዛ የማይነኩ ደንበኞች እንዳሏቸው ነገሩኝ። «በጾም ጊዜ ነው ደህና የምሸጥ» አሉኝ። እርስዎስ ይበላሉ? አልኳቸው። «እኔማ በጾም ቀምሸ አላውቅ። ልጆቸን ያሳደግሁበት ነው፤ የሚገዛኝን ግን አልፈርድበት።» ይህን ያሉት ዓሣውን እየበለቱ ነው። ቀና እንኳ አላሉም። ስለ ጾም ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። እንደ እሳቸው አጥርቶ የነገረኝ ሰው የለም።

ለኪዳነ ምሕረት ወደ ዘጌ ተሻገርኩ። ለጉብኝት አልነበረም፤ የእቴቴን ስለት ለማድረስ ነው። ፋሻው ተፈትቶ ብርሃን ካየሁ ብላ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ዣንጥላ ተስላ ነበር። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው የነርሷን ነጭ ጋውን ነው፤ ወዲያው «ዣንጥላው» አለችኝ። ቀይ፣ ዙሪያውን በወርቃማ ጥለት የተዘመዘመ ገዛን። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጀልባው ውስጥ ጧፍ የያዘ፣ ዕጣን የቋጠረ፣ የታመመ ልጅ ያቀፈ ሰው ነበር። የፀበል ጀሪካንም ሞልቷል። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ስለ እምቦጭ ያወሩ ነበር። አረሙ ከ2004 ገደማ ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ ያለውን ዳርቻ እንዴት እንደወረረው፣ በጥቅምት 2013 ዘመቻ ውኃው ውስጥ ገብተው በእጃቸው እንደነቀሉ ነገሩን። «ከነቀልነው የቀረው ይበዛል» አሉ። ጀልባው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «አንተ ታውቃለህ» እያለ አማተበ። ጣና ለእነዚህ ሰዎች መንገዳቸውም ጓዳቸውም ነው። ሲታመም እንደ ሰው ይጸለይለታል።

ከወደቡ ወደ ገዳሙ ሽቅብ ነው። መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። በጥቅምት ቡናው መቅላት ጀምሯል። ዘጌ በሬ ተጠምዶ አይታረስም። ቡናው፣ ሎሚውና ጌሾው ከጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም በረከት የተገኘ ነው ይላል ትውፊቱ። ይህን ጫካ እስከ ዛሬ ያቆየው ይህ እምነት ነው ብዬ አምናለሁ። ዛፉን የሚቆርጥ ሰው የሚፈራው የጻድቁን ቃል ኪዳን ነው።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ናት፤ የመቅደሱ ግድግዳ ሙሉውን ሥዕል ነው። በላዔ ሰብእ ፊት ቆምኩ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለአንድ ለምጻም ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ በምልጃዋ ዳነ። ከልጅነቴ የማውቀው ታሪክ ነው። አንዳንዴ በጣም ቀላል መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ያን ሁሉ ኃጢአት በጥርኝ ውኃ! በዚያ ቀን ግን ትዝ ያለኝ የእቴቴ ግማሽ ሳህን ነው። የሚሰጠው ነገር ማነሱን ሳይሆን በማን ስም እንደተሰጠ አሰብኩ። ዣንጥላውን ለቄሱ አስረከብኩ። የእቴቴን ስመ ክርስትና ጠይቀው ጸለዩላት። እኔም ብዙ ሰዓት ቆየሁ።

እንግዲህ ማኅበሩ። ሐኪሙ ጭስና ማጎንበስ ከልክሏል፤ ጠላ ያለ ጭስ አይጠመቅም፣ ዳቦም ያለ ማጎንበስ አይደፋም። እኔ ተራዋን ለሌላ ማኅበርተኛ እንድታዛውር ሐሳብ አቀረብኩ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምትባለው፣ ቤታችን መጥታ ነበር። ሰማችኝና «አይ ልጄ፣ ድግሱ የእሷ ነው፤ እጁ የእኛ ይሁን» አለች። በቃ፣ ተከፋፈሉት። አንዷ ጌሾና ብቅሉን ወስዳ ጠነሰሰች። አንዷ ኮባ አስመጥታ ድፎውን እቤቷ ደፋች። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ከየቤቱ በየድስቱ መጣ። እቴቴ ያወጣችው የእህሉን ወጪ ብቻ ነው። እሱንም ሊቀንሱላት ሲሉ ተቆጣች።

ማታ የነፍስ አባቷ መጥተው ጸሎት አደረሱ። ከተአምረ ማርያም ተነበበ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ከዚያ ጨዋታው ደራ። ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ፈተና አለፈ፣ የትኛዋ ጎረቤት ጣሪያዋ አፈሰሰ፣ ሁሉም እዚያው ተነሥቶ እዚያው መላ ተመታለት። በየመሃሉ «ሰላሙን ያምጣልን» ይባላል። ይህ ቃል እዚህ የይስሙላ አይደለም። ሲሉት ድምፃቸው ይለወጣል። ልጁ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው በመካከላቸው አለ።

ያቺ አራስም መጥታ ነበር። በሩ ሥር ቁጭ ልትል ስትል ሙሴዋ እጇን ይዛ መሃል አስቀመጠቻት። ሕፃኗ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ዞረች። ማን ክርስትና እናት ትሁናት ተብሎ እንኳ አልተመከረም። ጠላውን የጠነሰሰችው ሴት ሕፃኗን ከታቀፈች በኋላ መልሳ አልሰጠቻትም። «የኔ ናት» አለች። ክርስትናው የሚነሣበት ቀን እዚያው ተቆረጠ፤ የሚለበሰውን ማን እንደሚገዛም እዚያው ተነጋገሩ።

በዓል ሲበዛ ሥራ ይፈታል የሚል ክርክር አውቃለሁ፤ እኔም አንዳንድ ጊዜ ተከራክሬበታለሁ። በዚያ ማታ ያየሁት ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሴቶች የዚያን ሳምንት ከማንኛውም ሳምንት አብልጠው ሠርተዋል። የሠሩት ለሌላ ሰው መሆኑ ነው ልዩነቱ። አዲስ አበባ የታመመ ዘመድ ስልክ ተደውሎለት «እግዜር ይማርሽ» ከተባለ ተጠየቀ ይባላል። እዚህ ቀኑ ራሱ አስነሥቶ ይወስድሃል።

ጊዮርጊስ ዕለት እቴቴ ራሷ ሄደች። ሐይቁ ዳር ወዳለው ካቴድራል፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ክንዴን ይዛ። መድኃኔ ዓለም ጥቅምት 27 ዓመታዊ በዓል ነው፤ ስቅለቱ የሚውለው መጋቢት 27፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሆነ በዓሉ በጥቅምት ይከበራል። ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ እልልታው አስፈሪ ነው። እቴቴ ታቦቱ ሲዞር አየሁ ብላ አለቀሰች። ለዓይኗ ጥሩ አይደለም ብዬ ልከለክላት አልቻልኩም።

ከመመለሴ በፊት አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማየት ፈለገች። በግንቦት 2016 ሲመረቅ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ድምፁን እንጂ መልኩን አታውቀውም። 380 ሜትሩን ቀስ እያልን በእግራችን ሄድን። መሃል ላይ ቆማ ወንዙን አየችና «ግዮን» አለች። ቤት ስንገባ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ ሁለትን እንዳነብላት አዘዘችኝ። ከዚያ መነጽሯን ገፋ አድርጋ አንዱን ቁጥር ራሷ አነበበች፤ «የሁለተኛውም ወንዝ ስም ግዮን ነው፤ እርሱም የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ ይከብባል።»

በማርያም ማታ ጽዋው ወደሚቀጥለው ተረኛ ቤት በጧፍና በእልልታ ሲሸኝ ሙሴዋ የእኔንም ስም መዝገቡ ላይ አስገብታለች። ስመ ክርስትናዬን ጠየቀችኝ፣ ጻፈች፣ አለቀ። ተራዬ ግንቦት 21 ነው። ጌሾውን እቴቴ ቀድማ ልትገዛ ተስማምተናል። ዳቦውን የምደፋው እኔ ነኝ።