የጠረጴዛ ገበታ ጥር ላይ ለምን ይሰነጠቃል?

በክረምት የተሠራ ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ጥር ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እንጨቱ ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ከኅዳር ወዲያ ደረቁ ነፋስ ሲገባ ደግሞ የጠጣውን ይለቅቅና ይኮማተራል። ገበታው ከሥሩ በምስማር ተቸንክሮ ወይም በኮላ ተጣብቆ ከሆነ መሸሻ የለውም፤ በደከመው በኩል ተርትሮ ይከፈታል። ስንጥቁን በኮላና በሰጋቱራ መድፈን አያዋጣም፤ ክረምት ሲመለስ እንጨቱ አብጦ በሌላ በኩል ይጎብጣል።

እንጨት የሚሰፋውና የሚጠበው በወርዱ ነው። ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የዋንዛ ገበታ ከክረምት እስከ በጋ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ በርዝመቱ በኩል ግን ለዓይን የሚታይ ለውጥ የለም። ቀጥሎ የምጽፈው ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 45 ሳ.ሜ. የሆነ የሳሎን ጠረጴዛ አሠራር ነው፤ ለእነዚያ 4 ሚሊ ሜትሮች ቦታ ይተውላቸዋል።

ለመጀመሪያ ሥራ ከዋንዛ የተሻለ አላውቅም። ለመላጊያ ይታዘዛል፣ እንደ ባሕር ዛፍ አይጣመምም፣ ቨርኒሽ ሲነካው መልኩ ይሞቃል። ሲገዙ ከየት እንደተቆረጠ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የ1986ቱ የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ጽድንና ዝግባን ከመንግሥት ደን መቁረጥን የከለከለው ያለምክንያት አልነበረም። ከገበሬ ጓሮና ከቡና ጥላ የወጣ ዋንዛ አለ። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ በር ወይም ቁም ሣጥን ቢገኝ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ለዓመታት ደርቋል። ምስማሩን ነቅሎ መጨረስ ግን ግድ ነው፤ አንድ የቀረ ምስማር የመላጊያውን ምላጭ ይሸርፈዋል። ግራቪሊያ በዋጋ ቀለል ይላል፣ ሲላግም የሚያምር ጥለት ያወጣል፤ አቧራው ቆዳ ስለሚያሳክክ እጅጌ ረጅም ልብስና የአፍ መሸፈኛ ይፈልጋል።

አዲስ ጣውላ “ደርቋል” ተብሎ ቢሸጥም አትመኑ። ከጣውላው ጫፍ 30 ሳ.ሜ. ገባ ብላችሁ ሙሉ ወርዱን የያዘ 2 ሳ.ሜ. ቁራጭ አውጡና ወዲያው በኩሽና ሚዛን መዝኑ። ከዚያ 103 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ አድርቁት። 118 ግራም የነበረው 100 ግራም ላይ ከቆመ እርጥበቱ 18 በመቶ ነው፤ ለቤት ዕቃ ከ10 እስከ 12 በመቶ መውረድ አለበት። ያልደረቀውን ጥላ ሥር ደርድሩት፤ በየ50 ሳ.ሜ. እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች በመካከሉ ይግቡ፤ እነሱም ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይዋሉ፤ አለዚያ ጣውላው እንደ ማዕበል ሆኖ ይደርቃል። ጫፎቹን የተረፈ የዘይት ቀለም መቀባት ከጫፍ የሚጀምረውን ስንጥቅ ይቀንሳል። 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ብቻ እስኪደርቅ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል።

ልኩ እንዲህ ነው። አራት እግሮች 5 በ5፣ ርዝመታቸው 42.5 ሳ.ሜ.፤ መጀመሪያ ግን 45 አድርጋችሁ ቁረጡ። እግሮቹን ከገበታው ሥር ዙሪያውን የሚያያይዙት አራት ጣውላዎች (ቀበቶ እላቸዋለሁ) ወርዳቸው 8፣ ውፍረታቸው 2.2 ሳ.ሜ. ነው፤ ሁለቱ 86፣ ሁለቱ 36 ሳ.ሜ. ይረዝማሉ። በየጫፋቸው 3 ሳ.ሜ. ለወንዴው (እግሩ ላይ በሚቆፈረው ቀዳዳ፣ በሴቴው፣ ውስጥ ለሚገባው ምላስ) ስለሚሄድ በእግሮቹ መካከል የሚታየው 80 እና 30 ነው። ለገበታው 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያላቸው አራት ጣውላዎች፣ እያንዳንዳቸው 13 በ104፤ ትርፉ በመላጊያና በመጋዝ ይሄዳል።

የጠረጴዛው ጥንካሬ ያለው ወንዴና ሴቴው ላይ ነው። ምስማርና ቪቴ ብቻ የያዘው እግር ጠረጴዛው በተጎተተ ቁጥር እየላላ ይሄዳል። ሁልጊዜ ሴቴውን አስቀድሙ፤ ወንዴውን በመላጊያ ማሳነስ ይቻላል፣ የሰፋ ቀዳዳን ግን ማጥበብ አይቻልም። ሴቴው ወርዱ 8 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሳ.ሜ.፣ ጥልቀቱ 3.2 ሳ.ሜ. ነው፤ ትርፏ 2 ሚሊ ሜትር ኮላው የሚጠራቀምባት ናት። ከእግሩ የመጨረሻ አናት 1.5 ሳ.ሜ. ወርዶ ይጀምራል፤ ከዚያ አናት በላይ ያለው 2.5 ሳ.ሜ. ትርፍ መሮው ሲመታ አናቱ እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል፣ በኋላም ይቆረጣል። በ7 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ደርድራችሁ ብሱና ቀሪውን በ8 ሚሊ ሜትር መሮ አጽዱ። የአንድ እግር ሁለት ሴቴዎች ውስጥ ለውስጥ ስለሚገናኙ የወንዴዎቹ ጫፍ በ45 ዲግሪ ይቆረጥ፤ ካልሆነ ሁለተኛው በመጀመሪያው ይጋጭና ትከሻው (በወንዴው ሥር ከእግሩ ጋር የሚገጥመው የቀበቶው ጫፍ) ሳይገጥም ይቀራል።

ልክ የሆነ ወንዴ በእጅ ተገፍቶ ግማሽ ይገባል፣ ቀሪውን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ይበቃዋል። በኃይል ካልተመታ የማይገባ ከሆነ ኮላውን ጠርጎ ያወጣዋል፣ እግሩንም ይሰነጥቃል። በራሱ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ነጩ ኮላ ክፍተት ሞልቶ አይዝም፤ ከመላጊያ የወጣ ስስ ፍቅፋቂ በወንዴው ጎን ለጥፋችሁ እንደገና አስተካክሉት።

ሲጣበቅ መጀመሪያ ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ለየብቻ፣ በማግስቱ ረጃጅሞቹ። ሞርሳዎቹ (ኮላው እስኪይዝ እንጨቱን ጨምቀው የሚይዙት ማሰሪያዎች) እንደጠበቁ ኮላው ሳይዝ ከማዕዘን ማዕዘን ለኩ። ውጪው 90 በ40 የሆነው የእግሮቹና የቀበቶዎቹ መደብ ሁለቱም ሰያፎቹ 98.5 ሳ.ሜ. መሆን አለባቸው። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ሞርሳውን ወደ ረጅሙ ሰያፍ አዘንብሎ ማጥበቅ ያስተካክለዋል።

የገበታው ጣውላዎች ጎን ለጎን በኮላ ይያያዛሉ። አንዱን በሌላው ላይ አቁማችሁ ከጀርባቸው መብራት ያዙ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ብርሃን ካለፈ መላጊያ ይቀረዋል፣ መሐሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ብርሃን ብትኖር ግን ሞርሳው ይዘጋታል። አምስት ሞርሳ በየ25 ሳ.ሜ. ያህል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እየተፈራረቀ ይታሰር፤ ሁሉም በአንድ ወገን ከሆኑ ገበታው ይጎብጣል። የተተፋውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ፤ በእንጨቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰራጭና ቨርኒሹ ሥር ነጣ ያለ ጠባሳ ሆኖ ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደ ላስቲክ ሲሆን በመሮ ይላጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደጅ አታሳድሩት፤ ብርድ የመታው ኮላ ነጭ ዱቄት መስሎ ይደርቃል፣ አይዝም።

አሁን ወደ 4ቱ ሚሊ ሜትሮች። በቀበቶዎቹ የውስጥ ጎን፣ ከላይ ጠርዛቸው 1 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ፣ ወርዱ 8 ሚሊ ሜትር ጥልቀቱ 1 ሳ.ሜ. የሆነ ቦይ ይቆፈራል። ከዚያ ስምንት ትንንሽ የእንጨት ቁልፎች ይዘጋጃሉ፤ ወርዳቸው 3፣ ርዝመታቸው 4፣ ውፍረታቸው 1.6 ሳ.ሜ.። የእያንዳንዱ አንድ ጫፍ ከላይ በኩል 9 ሚሊ ሜትር ተቀንሶለት 7 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1 ሳ.ሜ. ርዝመት ያለው ምላስ ይቀርለታል። ምላሱ ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ቁልፉ በ3 ሳ.ሜ. ቪቴ ከገበታው ይታሰራል። ከቦዩ በላይ ያለው እንጨት 10፣ የቁልፉ ትከሻ ደግሞ 9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቪቴው ሲጠብቅ ገበታውን ወደ ታች ይስበዋል፣ ወደ ጎን መንሸራተቱን ግን አይከለክለውም። በየረጅሙ ቀበቶ ሦስት፣ በየአጭሩ መሐል ላይ አንድ ይበቃል። በበጋ የምትሠሩ ከሆነ በረጃጅሞቹ በኩል በቁልፉ ትከሻና በቀበቶው መካከል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ ገበታው ወደ ውጭ ይሰፋልና። በክረምት ከሆነ 1 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ የሚጠብቀው መጥበብ ነው።

ብርጭቆ ወረቀቱ ከ80 ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 180 ይሄዳል፤ ሁልጊዜ በቃጫው አቅጣጫ። መጨረሻው ላይ በረጠበ ጨርቅ አብሳችሁ ሲደርቅ የቆመውን ፀጉር በ180 አንሱት። የመጀመሪያው ቨርኒሽ ለአራት እጅ አንድ እጅ አኳራጅ (ማቅጠኛ) ይጨመርበታል፣ ቀጣዮቹ ሁለት ዙሮች ንጹሕ ይቀባሉ። የገበታው የታች ፊትም እኩል ይቀባ፤ አንድ ወገኑ ብቻ የተቀባ ጣውላ ባልተቀባው በኩል እርጥበት እየጠጣ ይጎብጣል። በቨርኒሽ ፈንታ የተልባ ዘይት የሚመርጥ ሰው የነካካበትን ጨርቅ ጨምድዶ ጥግ ላይ አይጣል፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግቶ ደጅ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ነው። ቨርኒሹ በማግስቱ ለእጅ ይደርቃል፣ ለትኩስ ጀበና ግን ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ ጀበናው ማቶቱ ላይ ይቀመጥ።